ንባብና ሳይንስ በአንድ ማዕድ፦ ሕፃናት ስለ እንስሳት ሲማሩ

ሕፃን ልጅ ፊደል መቁጠር ሳይጀምር እንስሳትን ያውቃል። በገጠር የተወለደ ከሆነ ጥጃ ይጠብቃል፤ ግልገል ያቅፋል፤ ጫጩት ከጭልፊት ያስጥላል። የከተማ ልጅም ቢሆን ከድመትና ከውሻ፣ ከርግብና ከቁራ ጋር ያድጋል። ትምህርት ቤት ሲገባ ከሚቀርቡለት የመጀመሪያ ሥዕሎች ብዙዎቹ የእንስሳት ሥዕሎች ናቸው። «በ» በግ፣ «ፈ» ፈረስ፣ «ዶ» ዶሮ እያለ ፊደሉን ከእንስሳው ጋር አያይዞ ይይዛል። ስለዚህ ለሕፃናት ንባብን ለማስተማር ከእንስሳት የተሻለ ርእስ፣ ሳይንስንም ለማስጀመር ከእንስሳት የቀረበ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለቱ ትምህርቶች የሚሰጡት ተለያይተው ነው። በቋንቋ ክፍለ ጊዜ የእንስሳው ስም ይነበባል፤ እንስሳው ግን አይታይም። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የአካል ክፍሎቹ ስም ከጥቁር ሰሌዳ ተገልብጦ ይሸመደዳል እንጂ ተማሪው ያየውን በራሱ ቃል አይጽፍም። ከዚህም የተነሣ ልጁ ማንበብ የቻለውን ቃል ትርጉሙን ሳይመረምር፣ ያየውንም ነገር በቃል ሳያጸና ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ያልታየ ነገር ስሙ ብቻውን ባዶ ነው፤ በቃል ያልተያዘ ዕይታም ቶሎ ይበተናል። ንባብና ሳይንስ በአንድ ትምህርት ሊጣመሩ ይገባል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስምና ባሕርይ

የሁለቱን ትምህርቶች ዝምድና ለመረዳት ከእንስሳት ስሞች መጀመር ይጠቅማል። በአማርኛ «የሌሊት ወፍ» የምትባለውን እንስሳ ለምሳሌ እንውሰድ። ስሟን ያነበበ ልጅ ወፍ ናት ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ክንፍ አላት፤ ትበራለችም። ነገር ግን የሌሊት ወፍ ላባ የላትም፤ ሰውነቷ በጠጕር የተሸፈነ ነው። መንቍር የላትም፤ ጥርስ ግን አላት። ዕንቍላል አትጥልም፤ ልጇን ወልዳ ጡት ታጠባለች። ክንፏም በረዘሙት የእጇ ጣቶች መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። እነዚህን ማስረጃዎች አንድ በአንድ ያገናዘበ ተማሪ፣ የሌሊት ወፍ ከወፎች ሳይሆን ከአጥቢ እንስሳት ወገን መሆኗን ራሱ ይደርስበታል። ዓሣ ነባሪም እንዲሁ ነው። በስሙ ዓሣ ይባል እንጂ በሳንባው ይተነፍሳል፤ ልጁንም ያጠባል።

ከአገራችን ብርቅዬ እንስሳት አንዱ የሆነው ቀይ ቀበሮም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በባሌ፣ በሰሜን ተራሮችና በሌሎችም ውርጫማ ከፍታዎች የሚኖረው ይህ እንስሳ ከስሙ እንደሚታየው ቀበሮ ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተካሄዱ የዘረ መል ጥናቶች ግን ይበልጥ የሚዛመደው ከተኵላ ጋር መሆኑን አሳይተዋል። ፍልፈልና አይጥ እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ቍጥራቸውም ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል።

ይህ ማለት ግን የቈዩት ስሞች ስሕተት ናቸውና ይጣሉ ማለት አይደለም። ስም የወጣው ሰዎች በጊዜው ካዩት በመነሣት ነው። የሌሊት ወፍን የሰየመው ሰው በሌሊት ስትበር አይቷታል፤ ያየውም እውነት ነው። ተማሪው የሚማረው ስሙን መጥላት ሳይሆን፣ «ይህ ስም ምን ይነግረኛል? ምንስ ይሰውርብኛል?» ብሎ መጠየቅን ነው። ይህ ጥያቄ በአንድ ጊዜ የቋንቋም የሳይንስም ጥያቄ ነው።

የቈየው ልማድ

እንስሳትን ከንባብ ጋር ማያያዝ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከጥንታውያን የግዕዝ መጻሕፍት አንዱ የሆነው «ፊሳልጎስ» ስለ እንስሳት፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ ማዕድናት ባሕርይ የሚናገር መጽሐፍ ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ቋንቋ እንደተተረጎመ ይገመታል። ፍሪትዝ ሆመል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅም የግዕዙን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1877 በላይፕሲግ ከተማ አሳትሞታል። የመጽሐፉ ዓላማ የእንስሳውን ጠባይ መተረክና ከዚያ መንፈሳዊ ትምህርት ማውጣት ነበር። ስለ አንበሳ ሲናገር፣ ሴቲቱ አንበሳ ልጇን ሙት አድርጋ እንደምትወልድና በሦስተኛው ቀን አባቱ መጥቶ እፍ ሲልበት ሕይወት እንደሚያገኝ ይተርካል።

የዛሬው ሳይንስ የአንበሳ ደቦሎች ሕያው ሆነው እንደሚወለዱ ያስረዳል። ሆኖም ሲወለዱ ዐይናቸው የተከደነ ነው፤ የሚገለጠውም ከቀናት በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ደካሞች ናቸው። እንግዲህ ጥንታዊው ትረካ ከምን ዓይነት ዕይታ ተነሥቶ ሊሆን እንደሚችል አስተዋይ አንባቢ መገመት ይችላል። መጽሐፉን እንደ ሥነ ጽሑፍ እያከበሩ፣ የተናገረውን ደግሞ በማስረጃ መመርመር የሚቻል መሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

ተረትም እንዲሁ ነው። በተረቶቻችን ጅብ ሞኝና ሆዳም፣ ጦጣ ብልጥ፣ አንበሳ ንጉሥ ነው። ተረቱ የሚናገረው በእንስሳ ስም ስለ ሰው ጠባይ ነው። ሳይንስ የሚናገረው ደግሞ ስለ ጅቡ ስለራሱ ነው። ጅብ ጥንብ የሚያነሣ ብቻ ሳይሆን በመንጋ ሆኖ የሚያድን፣ አጥንት ለመስበር የሚችል ብርቱ መንጋጋ ያለው፣ ሴቷ ከወንዱ የምትገዝፍበትና መንጋውን የምትመራበት እንስሳ ነው። በሐረር ከተማ ሰዎች ጅብን በእጃቸው ሥጋ ሲመግቡ መታየታቸው የታወቀ ነው። ልጆች የጅብን ተረት ካነበቡ በኋላ ስለ ጅብ የተጻፈ ገላጭ ጽሑፍ ቢነበብላቸው፣ ሁለት ዓይነት ጽሑፎች ሁለት ዓይነት ዓላማ እንዳላቸው ገና በልጅነታቸው ይለያሉ።

እንቆቅልሽ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ለሳይንስ የቀረበ ነው። እንቆቅልሽ የእንስሳውን ስም ደብቆ ባሕርዩን ይዘረዝራል፤ ሰሚው ከባሕርዩ ተነሥቶ ስሙን ይፈልጋል። ይህ የሥነ ሕይወት ባለሙያ አንድን ዝርያ ለመለየት ከሚያደርገው ሥራ ብዙም አይርቅም። መምህሩ ተማሪዎቹን፣ «ቀን ቍልቍል ተንጠልጥላ ትተኛለች፤ ሌሊት ያለ ላባ ትበራለች፤ ልጇን ጡት ታጠባለች፤ ማን ናት?» የሚል ዓይነት እንቆቅልሽ ራሳቸው እንዲያዘጋጁ ቢያደርግ፣ ልጆቹ እየተጫወቱ እንስሳትን በባሕርያቸው መመደብ ይለማመዳሉ።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጣል?

ሁለቱን ትምህርቶች ማጣመር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለአብነት ያህል የታቀፈች ዶሮ ብትገኝ ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ትምህርት ይወጣታል። የዶሮ ዕንቍላል ከታቀፈበት ጊዜ ጀምሮ የሚፈለፈለው በ21 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ትምህርቱ መነሻና መድረሻው የታወቀ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ከማንበብ በፊት ተማሪዎቹ የሚያውቁትን እንዲናገሩ ይጠይቃል። ዶሮዋ ለምን ትታቀፋለች? ዕንቍላሉን ትታ ትሄዳለችን? ጫጩቱ በምን ይወጣል? የልጆቹ መልስ ትክክልም ይሁን አይሁን በሰሌዳው ላይ እንደተነገረ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ የልጆቹ የራሳቸው ቃል ስለሆነ ለማንበብ አያስቸግራቸውም፤ በሳይንስ በኩል ደግሞ በኋላ በማስረጃ የሚፈተን መላ ምት ይሆናል።

በሁለተኛው ደረጃ ተማሪዎች ዶሮዋን ሳይረብሹ ከሩቅ ይመለከታሉ። በየቀኑም ቀኑን ጠቅሰው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር በደብተራቸው ይጽፋሉ። አንዱ ልጅ፣ «ዛሬ ዶሮዋ ወርዳ ጥሬ ለቅማ ተመለሰች» ይላል። ሌላዪቱ ደግሞ፣ «ዶሮዋ ዕንቍላሎቹን በመንቍሯ ገለበጠቻቸው» ብላ ትጽፋለች። መጻፍ ያልቻለ ልጅ ሥዕል ይሥላል፤ መምህሩም ልጁ የነገረውን ከሥዕሉ ሥር ይጽፍለታል።

በሦስተኛው ደረጃ ስለ ዶሮ የተጻፈ አጭር ምንባብ ይነበባል። የንባቡ ጊዜ የሚመጣው ከምልከታው በኋላ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው። ተማሪው «ዶሮ ዕንቍላሏን የምትገለብጠው ሙቀቱ በሁሉም ወገን እንዲደርስና በውስጡ ያለው ሽል ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ ነው» የሚለውን ሲያነብ፣ ቃሉን የሚገናኘው ያየውን ነገር ትርጉም እየፈለገ ነውና ንባቡ ይገባዋል።

በመጨረሻም ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ተማሪዎቹ የመጀመሪያ ቀን መልሶቻቸውን አውጥተው ከመዝገባቸው ጋር ያስተያያሉ። ስንት ዕንቍላል ታቀፈ? ስንቱ ተፈለፈለ? ያልተፈለፈለውስ ለምን ይሆን? ጫጩቱ ቅርፊቱን የሰበረው በመንቍሩ ጫፍ ባለችው ትንሽ ጠንካራ እሾህ መሆኑን ያዩ፣ እናቱ ሰበረችለት የሚለውን የቀድሞ ግምታቸውን ራሳቸው ያርማሉ። ስሕተትን በማስረጃ ማረም እንደማያሳፍር ከዚህ በላይ የሚያስተምር ነገር አይገኝም።

የቋንቋው ድርሻ

በዚህ ዓይነት ትምህርት ሳይንስ ቋንቋን ያጎለምሳል። አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ፍየል ሲጽፍ መጀመሪያ፣ «ፍየል ትበላለች» ይላል። ፍየልና በግ ሲሰማሩ ተመልክቶ ሲመለስ፣ «በግ ሣር ትግጣለች፤ ፍየል ግን ቅጠል ትቀነጥባለች» ወደ ማለት ይደርሳል። ጥቂት ቈይቶም፣ «ፍየል በኋላ እግሮቿ ቆማ ከቍጥቋጦ ላይ ቅጠል ስለምትቀነጥብ፣ ሣር በሚደርቅበት ጊዜም ምግብ ታገኛለች» ብሎ ለመጻፍ ይችላል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚሰጠው ዕውቀት ጥቂት ነው። ሁለተኛው «ግን» በሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያነጻጽራል። ሦስተኛው «ስለ» በሚለው ቃል ምክንያትንና ውጤትን ያያይዛል። ማነጻጸርና ምክንያት መስጠት የሳይንስ መሠረቶች ናቸው፤ የሚገለጹትም በሰዋስው ነው።

አማርኛ ደግሞ ከእርሻና ከእንስሳት ርቢ ጋር አብሮ የኖረ ቋንቋ ስለሆነ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። የላም ልጅ ጥጃ፣ የበግ ጠቦት፣ የፍየል ግልገል፣ የአህያ ውርንጭላ፣ የውሻ ቡችላ፣ የዶሮ ጫጩት ይባላል። አንበሳ ያገሣል፤ አህያ ያናፋል። ላም ሣሩን ግጣ ዐርፋ ስትተኛ ያንኑ ምግብ መልሳ ታመሰኳለች። «ማመስኳት» የሚለው አንድ ቃል፣ የሚያመሰኩ እንስሳት ለምን ብዙ ክፍል ያለው ሆድ እንዳላቸው ለማስረዳት በር ይከፍታል። ልጁ በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ጨጓራውን አይቷል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበውን ሽንፍላም ያውቀዋል። መምህሩ ከዚህ ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው ቢወስደው ትምህርቱ ባዕድ አይሆንበትም።

በሌላ በኩል ምልከታ ብቻውን አይበቃም። ዐይን የማያየው ብዙ ነገር አለ። ለዚህ ነው ንባብ የሚያስፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የታዳጊ ተማሪዎች የንባብ ምዘና በርካታ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። እንዲህ ያለ ችግር ሲታይ የሳይንስን ሰዓት ቀንሶ ለፊደል ልምምድ ብቻ መስጠት መፍትሔ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ፊደሉን ለይቶ የሚያነበው ቃል የምን ነገር ስም እንደሆነ ያላወቀ ልጅ አነበበ አይባልም። ዕውቀት ሲጨምር ንባብ ይቀላል፤ ንባብ ሲጨምር ዕውቀት ይሰፋል። በኢትዮጵያ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች «አካባቢ ሳይንስ» የተባለ ትምህርት መዘጋጀቱና ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መደረጉ ሁለቱን ለማቀራረብ አመቺ ሁኔታ ፈጥሯል።

የሀርጌሳ አካባቢ ምሳሌ

ፊደልንና የእንስሳትን ዕውቀት አንድ ላይ ለማስተማር በጎረቤት አገር የተደረገ ታላቅ ሙከራም አለ። የሶማሌ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የጊዜው የሶማሊያ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ከ20,000 የሚበልጡ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ አርብቶ አደሩ ላከ። ዘማቾቹ ፊደል ከማስተማራቸው ጋር የሕዝብና የእንስሳት ቈጠራ ተካሂዷል፤ ስለ ሰውና ስለ ከብት ጤናም ትምህርት ተሰጥቷል። ሀርጌሳና በዙሪያዋ ያለው የግጦሽ ምድርም በዚያን ጊዜ የዚሁ ዘመቻ ክልል ነበር። በዚያው ወቅት «ዳባዴር»፣ ማለትም ባለ ረጅም ጅራት፣ ተብሎ የተሰየመው ብርቱ ድርቅ ስለደረሰ የዘማቾቹ ሥራ ወደ ነፍስ አድንነት ተለወጠ። ከዘመቻው የሚገኘው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ለአርብቶ አደር ፊደል ትርጉም የሚኖረው ግመሉንና በጉን የሚመለከት ነገር ሲያነብበት ነው።

ዛሬም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ የሚገባው የሕይወቷ መሠረት እንስሳት ወደሆኑባት አገር ነው። የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሀርጌሳ ትልቅ የከብት ገበያ አላት። ከበርበራ ወደብም ብዙ በግ፣ ፍየልና ግመል ወደ ዐረብ አገሮች ይጫናል። የአካባቢው ታዋቂ በግ ሰውነቱ ነጭ፣ ራሱ ጥቍር ሲሆን፣ በጭራው ሥር የሚያጠራቅመው ስብ ግጦሽ በሚጠፋበት ጊዜ ስንቅ ይሆነዋል። የግመል ሻኛም እንዲሁ የስብ ጎተራ ነው። ብዙ ሰዎች ግመል በሻኛው ውኃ ይይዛል ብለው ያምናሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ግመል ጥምን የሚችለው ላቡን ቈጥቦ፣ የሰውነቱን ሙቀት ከቀን ሐሩር ጋር ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ሽንቱንም አጥልሎ ነው። ውኃ ሲያገኝ ደግሞ በአሥር ደቂቃ ያህል ጊዜ 100 ሊትር ገደማ ለመጠጣት ይችላል። የእረኛው ልጅ ግመል ስንት ቀን ሳይጠጣ እንደሚቈይ ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን መጽሐፍ ይነግረዋል። ዐይንና መጽሐፍ የሚረዳዱት እንዲህ ነው።

በዚህ አካባቢ ሁለቱን ዕውቀቶች አለማጣመር የሚያስከትለውን ጉዳት የሚያሳየው ደግሞ የአቦሸማኔ ነገር ነው። ከአፍሪካ ቀንድ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የአቦሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ በሕገ ወጥ መንገድ ይሸጣሉ። መንገደኛ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ በሕግ ይገባል፣ በሕግ ይወጣል፤ ግልገሎቹ ግን በአብዛኛው በስውር ወደ ባሕር ጠረፍ ተወስደው በጀልባ ወደ ዐረቢያ ልሳነ ምድር ይሻገራሉ። በዚያም ለቤት ጌጥነት ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 በናሚቢያ የተመሠረተው የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት በዚህ መንገድ የሚነጠቁት ግልገሎች በዓመት 300 ያህል እንደሚደርሱ ገምቷል። በዱር የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ አቦሸማኔዎች በዓለም ሁሉ 7,000 ያህል ብቻ ስለሆኑ ጉዳቱ ከባድ ነው። ከነጋዴዎች እጅ የተያዙ ግልገሎች በሀርጌሳ ተጠልለው እንክብካቤ ሲያገኙ ቈይተዋል፤ በኋላም ከከተማው ውጭ ጌድ ዴብሌ በተባለ ሥፍራ ሰፊ መጠለያ ተዘጋጅቶላቸዋል። የአቦሸማኔ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች።

ግልገሉን ከዱር የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ፍየሉ የተበላችበት አርብቶ አደር ነው። ፍየሏን የበላት ግን አቦሸማኔ ነውን? ይህን ለመመለስ አራዊትን መለየት ያስፈልጋል። አቦሸማኔና ነብር ሁለቱም ነጠብጣብ ስላላቸው በቀላሉ ይምታታሉ። የአቦሸማኔ ነጠብጣብ ነጠላና ድፍን ነው፤ የነብር ግን ተሰባስቦ የአበባ ቅርጽ ይሠራል። ከአቦሸማኔ ዐይን እስከ አፉ የእንባ መውረጃ የሚመስል ጥቍር መሥመር አለ፤ ነብር ይህ የለውም። አቦሸማኔ ቀጭንና እግረ ረጅም ሆኖ በአብዛኛው በቀን ያድናል፤ ለአጭር ርቀት በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይሮጣል። ነብር ግን ይበልጥ በሌሊት ያድናል፤ ዛፍም ላይ ይወጣል። የሶማሌ ቋንቋም አቦሸማኔን «ሀረምዓድ»፣ ነብርን «ሸቤል» ብሎ ለይቶ ይጠራቸዋል። በተጨማሪ የጅብንና የቀበሮን ኮቴ መለየት ከተቻለ ያለ ጥፋቱ የሚቀጣ እንስሳ አይኖርም።

ይህን የመሰለ ትምህርት በአንድ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ለመስጠት ሁለት ሥዕሎች፣ አንድ አጭር ምንባብና የኮቴ ምልክት ያለበት አሸዋ ይበቃሉ። ልጆቹ ሥዕሎቹን ያስተያያሉ፤ የልዩነቱን ዝርዝር ይጽፋሉ፤ ከዚያም ምንባቡን ያነባሉ። ምንባቡ የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል እንደሚኖር፣ ማደንንም ከእርሷ እንደሚማር ይነግራቸዋል። ከእናቱ የተነጠቀ ግልገል ቢተርፍ እንኳ ወደ ዱር ተመልሶ ራሱን ለማስተዳደር እንደሚቸገር ከዚህ ይረዳሉ። በመጨረሻም ያወቁትን በደብዳቤ መልክ ጽፈው ለወላጆቻቸው ያነቡላቸዋል። ፊደል ያልቈጠረ አባት የልጁን ንባብ ሰምቶ በረቱን በእሾህ ቢያጥር፣ ፍየሉም ግልገሉም ይተርፋሉ።

ጥንቃቄ

እንስሳትን በቅርብ በማየት ሲማሩ ሊዘነጉ የማይገባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ለትምህርት ተብሎ እንስሳ መሠቃየት የለበትም። ጎጆ ማፍረስ፣ ግልገል ከእናቱ መለየት፣ ቢራቢሮ ክንፏን መንቀል ትምህርት አይደለም። ሁለተኛ፣ ልጆች የማያውቁትን ውሻ፣ እንዲሁም የሌሊት ወፍንና የታመመ የዱር እንስሳን በእጃቸው እንዳይነኩ መከልከል አለባቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በንክሻና በምራቅ ይተላለፋልና። ሦስተኛ፣ መምህሩ የተማሪውን ፊደል ስሕተት ሲያርም ምልከታውን እንዳያጣጥል መጠንቀቅ ይኖርበታል። ቃሉን አሳስቶ የጻፈ ልጅ ያየው ነገር ትክክል ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ ተረትንና ሳይንስን ማጋጨት አይገባም። ተረት ለሰው ጠባይ፣ ሳይንስ ለተፈጥሮ ባሕርይ መስታወት ነው።

በአጭሩ፣ ስለ እንስሳት የሚሰጥ ትምህርት ሕፃኑ በዐይኑ የሚያይበት፣ ያየውን የሚሰይምበት፣ የሰየመውን የሚጽፍበት፣ የጻፈውንም ከመጽሐፍ ጋር የሚያመሳክርበት ሲሆን ፍሬ ያፈራል። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ወጣቶች ነገ መምህራን፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ አርቢዎችና ወላጆች ይሆናሉ። ታናናሾቻቸው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው ስሙን ነግረው ዝም ከማለት ይልቅ፣ «እስቲ ቀረብ ብለህ ተመልከትና ያየኸውን ንገረኝ» ቢሏቸው፣ የንባብንም የሳይንስንም በር አብረው ይከፍቱላቸዋል።

ጥያቄዎች

1. የሌሊት ወፍ ከወፎች ወገን አለመሆኗን የሚያስረዱት ማስረጃዎች ምን ምን ናቸው?
2. በተረት ውስጥ ያለው ጅብና በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ጅብ የሚለያዩት በምንድን ነው? የሁለቱን ጽሑፎች ዓላማ አነጻጽሩ።
3. በታቀፈችው ዶሮ ትምህርት ውስጥ ንባቡ ከምልከታው በኋላ እንዲሆን የተደረገው ለምንድን ነው?
4. ስለ ፍየል የተጻፉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ። «ግን» እና «ስለ» የሚሉት ቃላት ምን አገልግሎት ሰጡ?
5. አቦሸማኔንና ነብርን መለየት ለአርብቶ አደሩም ለእንስሳቱም የሚጠቅመው እንዴት ነው?
6. በአካባቢያችሁ ከሚገኙ እንስሳት አንዱን መርጣችሁ ለሦስት ቀን ተመልከቱ፤ ከዚያም ስሙን ሳትጠቅሱ በባሕርዩ የሚታወቅበትን እንቆቅልሽ አዘጋጁ።